ባሎቱ ግርጌ ላይ ያሉትን ዳኞች ባዶ አትለፏቸው፦ የዳኛ ዕጩን ማንነት በአንድ ምሽት ማጣራት

ባሎቱ፣ ማለትም የድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ በፖስታ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ይከርማል። ከዛ አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ እስክሪብቶ ተፈልጎ፣ ከላይ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች እያጠቆርን እንወርዳለን። እነሱንማ በቲቪ ሰልችተውናል። ግርጌው ጋ ስንደርስ ግን እጃችን ይቆማል። «ዲስትሪክት ኮርት፣ ዳኛ፣ ቦታ ቁጥር 3» ይላል። ሥሩ ሁለት ስም። ፓርቲ የለ፣ ፎቶ የለ፣ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ አይታወቅ። ወይ ባዶ እንተወዋለን፣ ወይ ስሙ ደስ ያለንን እናጠቁራለን።

እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ሲቲዝን በሆንኩበት ዓመት የዳኞቹን ክፍል እንዳለ ባዶ ተውኩት። በሚቀጥለው ደግሞ የልጄን አስተማሪ ስም የያዘች ዕጩ አግኝቼ እሷን መረጥኩ። ምክንያቴ ይኸው ነበር፣ ሌላ የለውም። የነቃሁት በትራፊክ ትኬት ፍርድ ቤት የሄድኩ ቀን ነው። ከኔ በፊት አንዲት እናት በአስተርጓሚ ይናገራሉ። ዳኛው አስተርጓሚው እስኪጨርስ እየጠበቀ፣ እሳቸውን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ያዳምጣል። ቁጭ ብዬ «ይሄን ሰው ማን መረጠው?» አልኩ። እኔ አይደለሁማ። እኔ ባዶ ነው የተውኩት።

ይህ ጽሑፍ ዋሽንግተን ስቴት ላለን፣ በተለይ ሲያትል፣ ተክዊላ፣ ሬንተን፣ ኬንት፣ ባጠቃላይ ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ለምንኖር ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ዘዴው ይጠቅማችኋል፤ የናንተ አሠራር የት ላይ እንደሚለይ ወደ መጨረሻው ጠቀስ አደርጋለሁ።

ስም አይቶ መምረጥ ምን ያመጣል?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1990 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ኪት ካሎው ለምርጫ ቀረቡ። ተወዳዳሪያቸው ቻርልስ ጆንሰን የሚባል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የምርጫ ዘመቻ አደረገ የማይባል ጠበቃ ነበር። ካሎው ተሸነፉ። በጊዜው ብዙ ሰው ምክንያቱን የሰጠው ለስሙ ነው፤ ጆንሰን ማለት እዚህ አገር እንደኛ አበበ ማለት ነው። የሚገርመው ጆንሰን በዛው ወንበር ከ30 ዓመት በላይ ቆየ፤ ደጋግሞም ተመረጠ። ስለዚህ መጥፎ ዳኛ ወጣ ማለቴ አይደለም። ቁማሩ እንዳጋጣሚ ደህና ወጣ ነው የምለው።

ሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ነው፣ 2006። ዲዚንትራ ያናቭስ የሚባሉ፣ 20 ዓመት ገደማ የዳኙ፣ የላትቪያ ስም ያላቸው ዳኛ ነበሩ። የካውንቲው ጠበቆች ማኅበር ከሁሉ የላቀውን ደረጃ ሰጥቷቸዋል። የተወዳደረቻቸው ሊን ኦልሰን የቤግል ዳቦ ቤት ባለቤት ነበረች፤ የሕግ ፈቃድ ቢኖራትም ማኅበሩ «ብቁ አይደለችም» ብሏት ነበር። ኦልሰን አሸነፈች። ገዥው አርኖልድ ሽዋዘኔገር ያናቭስን መልሰው ሾሟቸው እንጂ በሕዝቡ ድምፅ ወድቀው ቀርተው ነበር። ያኔ ሁሉም ያወራው ስለ ስማቸው ነው። እስቲ አስቡት፣ ነገ የኛ ልጅ፣ ስሟ ኅሊና ወይም ጽጌሬዳ የሆነች፣ ጠበቃ ሆና ለዳኝነት ብትቀርብ የሚጠብቃት ይሄ ነው። ታዲያ እኛው ራሳችን ስም አይተን ስንመርጥ አይከብድም?

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ

ሲቲዝን ካልሆናችሁ ይሄን ለዕውቀት ብቻ አንብቡት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አይመርጥም፣ አይመዘገብምም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ገበያ በር ላይ ወረቀት የያዘ ልጅ «ልመዝግብህ» ሲላችሁ ሳታስቡት እሺ እንዳትሉ። በስሕተት መመዝገብ ራሱ የሲቲዝንነት ማመልከቻ ላይ ጣጣ ያመጣል፤ ድምፅ መስጠት ደግሞ ከዛ የባሰ ነው።

ሲቲዝን ከሆናችሁ በኢንተርኔት መመዝገቢያው ከምርጫው 8 ቀን በፊት ይዘጋል። በአካል ሄዶ ግን በምርጫው ዕለት እስከ ማታ 2 ሰዓት (በአሜሪካኑ 8 ሰዓት) ይቻላል።

አንድ፦ ወንበሩ የየትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ግን ዕጩው ምን ዓይነት ልምድ ያስፈልገዋል የሚለው የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው።

ሚውኒሲፓል ኮርት የከተማው ነው። የፓርኪንግና የካሜራ ትኬት፣ ከተማው ውስጥ የተፈጸመ ቀላል ወንጀል፣ ጠጥቶ መንዳት እዚህ ይታያል። ሲያትል 7 እንዲህ ያሉ ዳኞች አሏት። ዲስትሪክት ኮርት የካውንቲው ነው። ቀላል ወንጀልና ትራፊክ እሱም ያያል፤ በተጨማሪ እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር ይቀበላል። ያለ ጠበቃ የሚቀረብበት ትንሹ ችሎት፣ ስሞል ክሌምስ የሚሉት፣ እዚሁ ውስጥ ነው፤ አንድ ግለሰብ እስከ 10,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል። መኪናችሁን ያበላሸ መካኒክ፣ ብር በልቶ የጠፋ ዕቃ አመላላሽ፣ ዲፖዚት አልመልስም ያለ አከራይ፣ ሁሉም እዚህ ይመጣል።

ሱፒሪየር ኮርት ከባዱን ይይዛል። ከባድ ወንጀል፣ ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ ውርስ፣ ወጣት ጥፋተኞች፣ ከቤት ማስወጣት። አዎ፣ ኪራይ አልከፈልክም ተብሎ ከቤት የማስወጣት ክስ ሲመጣ የሚያየው ሱፒሪየር ኮርት ነው።

እነዚህ ሦስቱም ዳኞቻቸው ለ4 ዓመት ነው የሚመረጡት። የሱፒሪየር ኮርቱ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር ይገጥማል፦ 2024፣ 2028። የዲስትሪክትና የሲያትል ሚውኒሲፓል ኮርት በመሀሉ ይመጣል፦ 2022፣ 2026። ከነሱ በላይ ያሉት የይግባኝና የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች 6 ዓመት ይቀመጣሉ።

«ቀላል ወንጀል» ስላልኩ እንዳትንቁት። ዋሽንግተን በ2011 ለከፍተኛው ቀላል ወንጀል ትልቁን የእስር ቅጣት ከ365 ቀን ወደ 364 ቀን ያወረደችው በዋናነት ለስደተኞች ተብሎ ነው። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አንዳንድ ጥፋቶች የ1 ዓመት ፍርድ ከተጻፈባቸው፣ የታገደ ፍርድም ቢሆን፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አገር እስከ ማስለቀቅ ይደርሳሉ። አንዲት ቀን! ታዲያ ሲቲዝን ያልሆነው ወንድማችሁ የሚቆመው ከዚህ ከግርጌው ዳኛ ፊት ነው። በተቃራኒው የኢሚግሬሽን ዳኛ እኛ አንመርጠውም፤ እሱ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ የሚሾመውም በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ይሄን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

ሁለት፦ ወንበሩ ላይ አሁን ማን አለ?

ሦስት ዓይነት ውድድር አለ። ዳኛው ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ የሆነበት፣ ተቀማጭ ዳኛ የተፎካከሩበት፣ እና ማንም ያልተፎካከረበት። የመጨረሻውን በሱፒሪየር ኮርት ብዙ አታዩትም፤ ሰፊ ሕዝብ ባለው ካውንቲ የሱፒሪየር ኮርት ዳኛ ብቻውን ከተመዘገበ ባሎት ላይ ሳይወጣ እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ካውንቲያችን ውስጥ ይሄን ያህል የሱፒሪየር ኮርት ዳኛ እያለ ባሎቱ ላይ ጥቂት ብቻ የምናየው።

ሁለት ዕጩ ብቻ ካለ ውድድሩ በቀጥታ ወደ ኅዳሩ፣ ማለትም ኖቬምበር፣ ይሄዳል። ሦስትና ከዛ በላይ ከሆኑ ኦገስት ላይ ይጣራሉ፤ ሁለቱ ቀዳሚዎች ያልፋሉ። ስለዚህ ኦገስት ላይ «እስከ ኅዳር ጊዜ አለ» ብላችሁ ብትተዉት የምትፈልጉት ሰው እዛው ሊቀር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተቀማጭ ዳኛ ማለት ሁሌ በሕዝብ የተመረጠ ማለት አይደለም። ዳኛ በመሀል ሲለቅ ሌላ ይሾማል፦ ለሱፒሪየር ኮርት ገዥው፣ ለዲስትሪክት ኮርት የካውንቲው ምክር ቤት። ያ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ «ነባር» ሆኖ ይቀርባል። ይሄን ከመንገድ ዳር ምልክቱ ማወቅ ትችላላችሁ። እዚህ ስቴት «ሪኢሌክት» (ደግማችሁ ምረጡ) የሚለውን ቃል መጠቀም የሚችለው ከዚህ በፊት ለዛው ወንበር የተመረጠ ብቻ ነው። ተሹሞ የገባው «ሪቴይን» (ባለበት አቆዩት) ይላል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሬኒየር አቬኑ ላይ ስነዳ ምልክት ሳነብ ባለቤቴ «መንገዱን እይ» ትለኛለች።

ነባር ዳኛ አይወድቅም የሚባለውን ደግሞ አትመኑ። በ2022 በሲያትል ሚውኒሲፓል ኮርት ተቀማጩ ዳኛ አዳም አይዘንበርግ ቀድሞ የተከላካይ ጠበቃ በነበረችው ፑጃ ቫዳዲ ተሸንፈዋል።

ሦስት፦ የመራጮቹን መጽሔት በዓይነ ቁራኛ አንብቡ

ከባሎቱ ጋር አካባቢ የሚመጣው መጽሔት፣ ቮተርስ ፓምፍሌት፣ ቤታችን ሲደርስ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ይጣላል። አትጣሉት። ግን አንድ ነገር ዕወቁ፦ እዛ ላይ የተጻፈውን የጻፈው ዕጩው ራሱ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አላጣራውም። እንደ ሥራ ማመልከቻ ሲቪ ቁጠሩት፤ እናንተ ቀጣሪ ናችሁ።

የዳኞች ገጽ ላይ የሕግና የዳኝነት ልምድ፣ ሌላ ሥራ፣ ትምህርት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት እየተባለ ይደረደራል፤ ከሥር ደግሞ የራሳቸው መልእክት አለ። እኔ መልእክቱን በመጨረሻ ነው የማነበው። ሁሉም «ፍትሐዊ፣ ገለልተኛ፣ ሰው አክባሪ» ነው። ኢፍትሐዊ ነኝ ብሎ የሚጽፍ አላየሁም።

ልምዱን ስታነቡ እነዚህን ቃላት ለዩ። «ፕሮ ቴም ዳኛ» ማለት ተተኪ ነው፤ ቋሚው ዳኛ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ የሚጠራ ጠበቃ። በዓመት ሁለት ቀን የተቀመጠም፣ በየሳምንቱ የሚቀመጠውም ያንኑ ቃል ይጽፋል፣ ስለዚህ ስንት ጊዜ የሚለውን ፈልጉ። «ኮሚሽነር» ደግሞ ዳኞቹ ራሳቸው የሾሙት፣ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ጉዳይና የመሳሰለውን የሚያይ ባለሙያ ነው። ኮሚሽነር የነበረ ሰው ችሎት መምራት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለኔ ትልቅ ነጥብ አለው።

«ፕሮሰኪዩተር» ዐቃቤ ሕግ ነው፣ «ፐብሊክ ዲፌንደር» አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ጠበቃ። እኛ ሰፈር ዐቃቤ ሕግ የነበረ ጨካኝ፣ ተከላካይ የነበረ ደግሞ ሩኅሩኅ ይመስለናል። እንደዛ ቀላል አይደለም። ሁለቱም ችሎት ውስጥ ያረጁ ናቸው፣ ሁለቱም የሌላውን ወገን ብልሃት ያውቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕይወቱን ሙሉ ለትልልቅ ኩባንያ ውል ሲጽፍ የኖረ፣ ችሎት ገብቶ የማያውቅ ሰው ለሚውኒሲፓል ኮርት ሲቀርብ ነው የምጠነቀቀው። መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን በቀን ያን ሁሉ ጉዳይ፣ ግማሹ በአስተርጓሚ፣ ግማሹ ያለ ጠበቃ የሚመጣን ሰው ማስተናገድ ሌላ ሙያ ነው።

የ2024ቱን የስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድድር አስታውሱ። በአንድ በኩል ለረጅም ጊዜ የፌዴራል ዌይ ሚውኒሲፓል ኮርት ዳኛ የነበሩት ዴቭ ላርሰን፣ በሌላ በኩል ዳኛ ሆነው የማያውቁ የታኮማ ጠበቃ ሳል ሙንጊያ። ሙንጊያ አሸነፉ፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነበር። የዳኝነት ልምድ ይበልጣል ወይስ የጥብቅና? ሰው የሚለያይበት ነገር ነው። ግን ቢያንስ የተለያየው በዚህ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በስም አይደለም።

አራት፦ ፈቃዱን ፈትሹ

ይሄ 2 ደቂቃ አይፈጅም። የዋሽንግተን ስቴት የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የጠበቆች ማውጫ አለ። ስሙን ጻፉ። ፈቃዱን ያገኘበት ቀን፣ ፈቃዱ ንቁ መሆኑ፣ የዲሲፕሊን ታሪክ ካለው እሱም ይወጣል። መጽሔቱ ላይ «የ20 ዓመት ልምድ» ካለና ማውጫው 9 ዓመት ካለ፣ ምናልባት ሌላ ስቴት ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም አይደለም። ጠይቁ።

አምስት፦ ጠበቆች ስለ ጠበቃ ምን ይላሉ?

አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ ጊዜ ያለው ሰው ይሄን ያድርግ። የኪንግ ካውንቲ የጠበቆች ማኅበር ዕጩዎችን ይመዝናል። ዕጩው ረጅም መጠይቅ ይሞላል፤ ከሱ ጋር የሠሩ፣ ተቃራኒው ሆነው የተከራከሩት፣ የቆመባቸው ዳኞች ይጠየቃሉ፤ ከዛ ራሱ ተጠርቶ ይጠየቃል። ውጤቱ ከላይ ወደ ታች በግርድፉ እንዲህ ነው፦ እጅግ በጣም ብቁ፣ በጣም ብቁ፣ ብቁ፣ ብቁ ያልሆነ።

በዚህ ላይ አትቁሙ። የጥቁር ጠበቆች ማኅበር የሆነው ሎረን ሚለር፣ የእስያ ተወላጆች ማኅበር፣ የላቲኖዎቹ፣ ሌሎችም የየራሳቸውን ደረጃ ይሰጣሉ። አምስት ማኅበር የተለያየ ዓይን ይዞ አንዱን ሰው ካየና ሁሉም ከላይ ካስቀመጠው፣ ያ ሰው ሥራውን ያውቃል ብዬ እተማመናለሁ። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካደረገው ደግሞ ለምን የሚለውን ማየት ነው።

«አልተመዘነም» የሚል ካያችሁስ? ብዙ ጊዜ ዕጩው አላመለከተም ማለት ነው። አንዳንዱ ዘግይቶ የተመዘገበ ነው፣ ጊዜ አላገኘም። አንዳንዱ ግን ውጤቱን ስለሚያውቀው ነው የማያመለክተው። ማትሪክ ዝግጁ አይደለሁም ብሎ እንደሚቀር ተማሪ ማለት ነው፣ ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቅ ግን አይገባም።

ይህ ምዘና ችሎታን እንጂ አመለካከትን አይነግራችሁም። እጅግ በጣም ብቁ የሆኑ ሁለት ሰዎች የዋስ ገንዘብ ላይ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ።

ስድስት፦ ተቀማጭ ዳኛ ከሆነ፣ ተቀጥቶ ያውቃል?

ስቴቱ ከ1980 ጀምሮ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተቋቋመ የዳኞች ሥነ ምግባር ኮሚሽን አለው። ማንኛውም ሰው በዳኛ ላይ እዛ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ኮሚሽኑ ማሳሰቢያ፣ ተግሣጽና ከባድ ተግሣጽ ይሰጣል፤ ከዛ በላይ ማገድና ማባረር የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነው። የወጡ ውሳኔዎች በሙሉ ድረ ገጹ ላይ አሉ። የዳኛውን ስም ፈልጉና ውሳኔውን ራሱን አንብቡ፣ ሰው የነገራችሁን ሳይሆን። አንዳንዱ ውሳኔ ዘግይቶ ፍርድ መስጠት ነው፣ አንዳንዱ ችሎት ላይ ሰው መስደብ። እኩል አይደሉም።

ምንም ካልተገኘ ደግሞ ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም ማለት አይደለም። አቤቱታው ወደ ክስ እስኪደርስ ድረስ ምስጢር ነው። እዚህ ጋ ፌስቡክ ላይ «እገሌ ዳኛ እኮ ተከሷል» የሚል ወሬ ካያችሁ፣ ኮሚሽኑ ገጽ ላይ ከሌለ አታጋሩት።

ሰባት፦ ገንዘቡ ከየት መጣ?

በ1972 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ የተቋቋመ ፒዲሲ የሚባል የስቴት ኮሚሽን አለ። ማን ለየትኛው ዕጩ ስንት ሰጠ የሚለውን ድረ ገጹ ላይ በስም፣ በቀን፣ በዶላር ያወጣዋል። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ዕጩው ከራሱ ኪስ ስንት አበደረ? ትልልቆቹ ሰጪዎች እነማን ናቸው? ብሩ ከጥቂት የቅርብ ሰዎች የመጣ ነው ወይስ ከብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ የተሰበሰበ?

ጠበቆች ለዳኛ ዕጩ ገንዘብ መስጠታቸው እዚህ አገር የተለመደ ነው። ለኛ ጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኛ አገር ዳኛ አይወዳደርም፤ የፌዴራሉን ዳኛ የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ያጭና ፓርላማው ይሾማል። ዕጩ ዳኛ ብር ሰብስቦ ምልክት ሲተክል ማየት ለአባቴ እስከ ዛሬ ቀልድ ነው። «ነገ ብሩን የሰጠው ሰው ፊቱ ሲቆምስ?» ይለኛል። ጥያቄው ልክ ነው። በዚህም ምክንያት የሥነ ምግባር ደንቡ ዕጩው ራሱ ፊት ለፊት ገንዘብ እንዳይለምን ይገድባል፤ በጥቅሉ የሚሰበስበው ኮሚቴው ነው። ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ግን አለ። አንድ የሕግ ቢሮ፣ ያውም ከዛው ፍርድ ቤት የማይጠፋ ቢሮ፣ የዘመቻውን አብዛኛውን ብር ከሰጠ እኔ ቅንድቤን ከፍ አደርጋለሁ።

ስምንት፦ አንድ ጠዋት ሄዳችሁ ተቀመጡ

ይሄን የሚያደርግ ሰው የለም። ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው ግን ይሄ ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ በግልጽ ችሎት ይሰጥ ይላል፣ ስለዚህ ማንም ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ይችላል። መታወቂያም ምክንያትም አይጠየቅም፤ በፍተሻው ማሽን ማለፍ ብቻ ነው። ስልካችሁን ዝም አሰኙት፣ ኮፍያ አውልቁ።

ሱፒሪየር ኮርት ሲያትል መሀል ሦስተኛ አቬኑ ላይ ባለው የድሮው ሕንፃና ኬንት ባለው ሜሌንግ ማዕከል ይሠራል። ተቀማጭ ዳኛ ከሆነ የራሱን ችሎት ፈልጉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ምን ታያላችሁ? በሰዓቱ ይጀምራል ወይ። ጠበቃ የሌለውን ሰው በቀላል ቋንቋ ያስረዳዋል ወይስ «ሕጉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አስተርጓሚ ሲኖር የሚያየው ባለጉዳዩን ነው ወይስ አስተርጓሚውን፤ አስተርጓሚው እስኪጨርስስ ይታገሣል ወይ። እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ አስተርጓሚ መብት ነው፣ ውለታ አይደለም፤ አንዳንድ ዳኛ ፊት ላይ ግን ውለታ እንደሆነ ታነባላችሁ።

ፐርሰናሊቲው ለስላሳ ስለሆነ ብቻም አትታለሉ። ፈገግ እያለ ከባድ የሚፈርድ አለ፣ ኮስተር ብሎ ሰውን የሚያደምጥ አለ። ውሳኔውን ሲሰጥ ምክንያቱን ይናገራል ወይ? እኔ የምይዘው እሱን ነው።

ዘጠኝ፦ ራሳቸውን ጠይቋቸው

የዳኛ ዕጩዎች ለመገናኘት ከሌሎቹ ፖለቲከኞች ሁሉ ይቀላሉ። የሚጠራቸው ሰው ስለሌለ ቤተ መጻሕፍትም፣ የማኅበረሰብ አዳራሽም ሁለት ደርዘን ሰው ካለ ይመጣሉ። ዕድር ወይም ማኅበር ያላችሁ፣ ሁለቱንም ዕጩዎች አንድ እሑድ ጋብዟቸው። አስተርጓሚ አዘጋጁ። አንዱን ብቻ መጋበዝ ግን አያምርም።

ምን እንጠይቅ? «ኪራይ ላይ የተጣሉ አከራይና ተከራይ ቢመጡ ለማን ትፈርዳለህ?» ብትሉ አይመልስም፣ መመለስም የለበትም። የሥነ ምግባር ደንቡ ወደፊት ሊመጣ በሚችል ጉዳይ ላይ ቃል መግባት ይከለክለዋል። ቃል የሚገባላችሁ ካለ እሱን ነው መፍራት። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ ያለ ጠበቃ ለሚመጣ ሰው ምን ታደርጋለህ? ከአስተርጓሚ ጋር ስንት ጉዳይ ሠርተሃል? ከባድ የሆነብህ ጉዳይ ምን ነበር፣ ምን ተማርክበት? ዋስ ስትወስን ምን ምን ትመለከታለህ? ለምን ይሄን ወንበር፣ ለምን የዚህን ዳኛ ወንበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ ጥሩ ናት። ብዙዎቹን የሚያልባቸው እሷ ላይ ነው።

ሌላ ስቴት ላላችሁ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ፣ የሰርኪውት ኮርት ዳኛ ሲመረጥ ለ15 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ከኛ በላይ ተጠንቀቁ። ገዥው የሾማቸው ዳኞች ለምርጫ ይቀርባሉ፣ ሌላ ጠበቃም ሊፎካከራቸው ይችላል፤ በፕራይመሪ፣ ማለትም በማጣሪያው ምርጫ፣ በሁለቱም ፓርቲዎች ባሎት ላይ ያለ ፓርቲ ምልክት ይወጣሉ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ዳኛ አትመርጡም፣ የሚመርጠው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ዲሲም እንዲሁ፣ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ኮሎራዶ፣ ኦሮራና ዴንቨር ያላችሁ «ይቆይ ወይስ አይቆይ» ነው የምትባሉት፤ ስቴቱ የሚልክላችሁ ሰማያዊ መጽሐፍ ውስጥ የገለልተኛ ኮሚሽን ግምገማ አለ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ አንብቡት። ሚኒሶታ ላይ ነባሩ ዳኛ ስሙ ሥር ነባር መሆኑ ይጻፍለታል። ቴክሳስ፣ ዳላስና ጋርላንድ ያላችሁ ደግሞ ዳኞቻችሁ በፓርቲ ነው የሚወዳደሩት፤ ስማቸው አጠገብ ያለችውን የፓርቲ ፊደል ብቻ አይቶ ዝቅ ማለት ይቀናል፣ እዛ ትክክለኛው ውድድር ብዙ ጊዜ ያለው ፕራይመሪው ላይ ነው። ጆርጂያ ያላችሁ የዳኞቹ ምርጫ ሜይ ላይ ስለሆነ ኖቬምበርን ስትጠብቁ እንዳያመልጣችሁ።

ፖስታው ላይ ስትደርሱ

መረጣችሁ፣ አጠቆራችሁ። ስለ አንዱ ወንበር ምንም ማወቅ ካልቻላችሁ እሱን ብቻ ባዶ መተው ይቻላል፣ ሌላው ድምፃችሁ አይበላሽም። ቴምብር አያስፈልግም። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ከሆናችሁ ግን ፖስታ ቤት አትስጡ፤ የፖስታው ማኅተም ቀን ካለፈ ድምፁ ይወድቃል። ቤተ መጻሕፍትና ሱቅ አካባቢ ያሉት የብረት ሳጥኖች በምርጫው ዕለት እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ናቸው።

አንድ ነገር ቀረችኝ፣ ፊርማ። ፖስታው ጀርባ ላይ የምትፈርሙት ሲመዘገቡ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ከፈረማችሁት ጋር ይመሳከራል። እናቴ መንጃ ፈቃዷ ላይ በአማርኛ ነው የፈረመችው፤ ባሎቱ ላይ «እንግሊዝኛ ነው የሚፈልጉት» ብላ በእንግሊዝኛ ፈረመች። ደብዳቤ መጣላት፣ ፊርማሽ አልተመሳሰለም የሚል። ደብዳቤውን ብትጥለው ድምፁ አይቆጠርም ነበር፤ ፈርማ መለሰችው፣ ውጤቱ ሳይጸድቅ ደረሰ። በአማርኛ ከፈረማችሁ በአማርኛ ፈርሙ። ደብዳቤ ከመጣም ቶሎ ክፈቱት።